የደወል አበባው ነገር ከአፈር በታች ነው

የዛሬው ጥያቄ ከሱሉልታ ነው።

«ከሦስት ዓመት በፊት ካናዳ የምትኖረው እህቴ ለእረፍት ስትመጣ በእርጥብ ሶፍት የጠቀለለችው የአበባ ሥር ይዛልኝ መጣች። ሰማያዊ፣ ደወል የሚመስል አበባ ነው ብላኝ አጥር ሥር ተከልኩት። የመጀመሪያው ዓመት ዝም አለ። አሁን ጎመኔ መሀል ገብቷል፣ በድንጋይ ንጣፉ ስንጥቅ ብቅ ብቅ ይላል፣ ጎረቤቴም ግቢ ተሻግሯል። ቅጠሉ ብዙ ነው፤ ያበበው ግን ሦስት አራት ዘንግ ብቻ ነው። መልካም መስሎኝ ለሁለት የእድር ጎረቤቶቼ ነቅዬ ሰጥቻለሁ። ሌላ ደግሞ ከችግኝ ሻጭ የገዛሁት፣ በሸክላ ያለ አጭር ደወል አበባ አለኝ። እሱ አንድ ቦታ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል፤ ስገዛው የነበረው አበባ ከረገፈ ወዲህም አላበበም። አንዲት ወዳጄ ‹ደወል አበባ ሁሉ ወራሪ ነው፣ ሁለቱንም ጣይ› አለችኝ። አትክልተኛው ደግሞ ‹ቱፎርዲ ልርጭበትና ይገላገሉት› ይላል። ማንን ልስማ?»

ሁለቱንም አይስሙ። አጥር ሥር ያለው መውጣት አለበት፣ በመርጨት ግን አይወጣም። በሸክላ ያለው ደግሞ ምንም አላጠፋም።

ከወዳጅዎ ልጀምር። ደወል አበባ የምንለው አንድ ተክል አይደለም። በሳይንሱ ካምፓኑላ ይባላል፤ በላቲን «ትንሽ ደወል» ማለት ነው። ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከነዚህ ውስጥ ግቢ የሚያስለቅቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁሉም ወራሪ ነው ማለት ውሻ ሁሉ ይናከሳል እንደማለት ነው። እንዲያውም የእኛም ደጋ የራሱ ደወል አበባ አለው። ካምፓኑላ ኤዱሊስ የሚባለው ትንሽ ተክል በድንጋያማ ሣር መሀል ይበቅላል፣ ማንንም አያስቸግርም። የሰሜንና የባሌ ተራሮች ጅባራም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ያ ሁሉ ቁመት ያለው ጅባራ የዚህች አጭር የሸክላ አበባ ዘመድ ነው ስል ብዙ ሰው አያምነኝም።

የእርስዎ የአጥር ሥር ተክል ግን፣ ከነገሩኝ ሁሉ፣ ካምፓኑላ ራፑንኩሎይደስ ይመስለኛል። ስሙ ያደክማል፤ ከዚህ በኋላ «ተሳቢው» እለዋለሁ። የትውልድ አገሩ አውሮፓና ምዕራብ እስያ ነው። ወደ ሰሜን አሜሪካ የሄደው ለግቢ ማሳመሪያ ተብሎ ነበር። ከግቢ አምልጦ ዛሬ በካናዳዋ አልበርታ ግዛት ሕግ ጎጂ አረም ተብሎ ተመዝግቧል፤ ግቢው ውስጥ የበቀለበት ሰው የመቆጣጠር ግዴታ አለበት። እህትዎን አልወቅስም። ያምራል፣ ሳይንከባከቡት ይኖራል፣ ቢረግጡትም አይሞትም። ስጦታ የሚያስመስለው ይኸው ነው። ለወደፊቱ ግን ሥርም ሆነ ችግኝ ያለ ማስገቢያ ፈቃድና ያለ ጤና ሰርተፍኬት በሻንጣ ወደ አገር ማስገባት ክልክል መሆኑን ይንገሩልኝ። ክልከላው የተቀመጠው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በአበባው ውበት የገባ ተክል ሲያስቸግረን የመጀመሪያው አይደለም። እምቦጭን ዓለም ላይ ያዳረሰው ያ ሐምራዊ አበባው ነው። እኛ ጋ በቆቃና በአዋሽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን ጣና ላይ ደግሞ በ2011 ታወቀ። ይህን የምለው ላስፈራራዎት አይደለም። ተሳቢው ሐይቅ አይሸፍንም፣ እንደ ቅንጨ አረምም እርሻ ሙሉ አይወርስም። የሚወደው ለስለስ ያለ፣ የሚኮተኮትና ውሃ የሚጠጣ የጓሮ አፈር ነው። ችግሩ የእርስዎ ጎመን መደብ ልክ እንደዚያ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መለየቱ። ሰው ደወል አበባን ለመለየት አበባውን ያያል። ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነው። እዚህ አገር አበባ ስንጠብቅ ተክሉ ሥራውን ሠርቶ ይጨርሳል። መፈተሽ ያለበት ሥሩ ነው።

ዶማ ይያዙና አጥር ሥር ይሂዱ። ከመሀሉ አይጀምሩ። ዳር ላይ ብቻዋን ብቅ ያለች ቅጠላም ችግኝ ይምረጡ። ከግንዷ አንድ ስንዝር ርቀው ዙሪያዋን ይቆፍሩና ከነአፈሯ ያንሷት። አፈሩን በጣትዎ ቀስ እያሉ ያራግፉ። መጀመሪያ የሚያገኙት ነጭ፣ ሲባጎ የመሰለ ቀጭን ሥር ነው። ወደ ታች አይወርድም፤ ወደ ጎን ይሄዳል። ሳይበጥሱ ይከተሉት፤ ሌላ ችግኝ ጋ ያደርስዎታል። ከዚያ ጉድጓዱን ትንሽ ያጥልቁት። ከታች ደግሞ ካሮት የመሰለ፣ ገርጣ ያለ ወፍራም ሥር ይጠብቅዎታል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉን ይዞ ሲጎትት ቀጭ ብሎ አንገቱ ላይ ይበጠስለታል። ነቀልኩ ብሎ እጁን አራግፎ ይገባል። ካሮቱ ግን እዚያው ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ የነበረው ሦስት ሆኖ ይወጣል። ሰርዶ ያስቸገረው ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ሰርዶ እንዲህ ያለ ካሮት ከታች አያስቀምጥም።

ሲባጎና ካሮት አንድ ላይ ካገኙ ነገሩ አልቋል፤ ተሳቢው ነው። ሲባጎ ብቻ ካገኙ ሌላ ተስፋፊ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ይጠንቀቁ። ወፍራም ሥር ብቻ ካለውና ወደ ጎን የሚሄድ ክር ከሌለው ደግሞ አይቸኩሉ። አዴኖፎራ የሚባል መንታ የሚመስል ዘመድ አለው፣ እሱ ባለበት የሚቀመጥ ጨዋ ነው። አበባው ተሳቢውን ቁጭ ነው። በሻጭም በገዢም ዘንድ የሁለቱ ስም ሲቀያየር ይኖራል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አዴኖፎራ ብዬ የገዛሁት ችግኝ ሁለት ዓመት አስቆፍሮኛል። ካበበ፣ አንዱን አበባ በጥፍርዎ ይሰንጥቁትና ውስጡን ይዩ። አዴኖፎራ ከሆነ መሀል ላይ የቆመው ዘንግ እግሩ ዙሪያ ትንሽ ቀለበት መሳይ ቱቦ አለ። ተሳቢው ይህ የለውም።

ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል ወይ ብለው ደግሞ አይፈትሹ። ይወጣዋል፣ ግን የጨዋዎቹም ይወጣቸዋል። የቤተሰቡ ምልክት እንጂ የጥፋተኛው አይደለም።

ቅጠሉ ሁለተኛ ምስክር ነው። የተሳቢው የታች ቅጠል ልብ ቅርጽ አለው፣ ረጅም ግንድ ላይ ይቆማል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ እየጠበበ፣ ግንዱን እየተጠጋ ይሄዳል። አበባው እርስዎ ባዩት ሦስት አራት ዘንግ ላይ ይፈተሻል። ዘንጉ ከ30 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ ቅርንጫፍ የለውም። አበቦቹ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተሰልፎ እንደሚሳለም ሰው። ከአበባው ሥር ያሉት አምስት ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠሎች ወደ ኋላ የታጠፉ ናቸው። ይህ መታጠፍ ጥሩ ምልክት ነው፣ በስልክዎ ቀርበው ፎቶ ያንሱት። ነጭ አበባ ያለው ተሳቢም ስላለ «ነጩ ደህና ነው» የሚልዎትን አይመኑ።

ጨዋዎቹስ? ለእኛ ሰው ስማቸው በራሱ ይረዳል። ፐርሲሲፎሊያ ማለት ቅጠሉ የኮክ ቅጠል የመሰለ ማለት ነው፤ እውነትም ቅጠሉ ጠባብና ረጅም ነው፣ አበባው ሰፊ ጽዋ ሆኖ ወደ ውጭ ያያል። ዘር ይጥላል፣ ግን በእጅ ሲነቀል ይወጣል። ትራኬሊየም ደግሞ ቅጠሉ ሳማ ይመስላል፣ ሻካራ ነው፣ አይለበልብም። ዘሩ እዚህም እዚያም ይበቅላል፣ ከመሬት በታች ግን አይሮጥም። ሜዲየም የሚባለው ትልልቅ፣ ነፋ ያለ ደወል ያለው ነው፤ አብቦ ዘር ከሰጠ በኋላ ራሱ ይሞታል። ፖሻርስኪያና የኮከብ ቅርጽ አበባ አለው፣ ድንጋይ ላይ ይሳባል፣ ሥሩ ከላይ ስለሆነ ግን በእጅ ይሰበሰባል። ተሳቢውን ተከትሎ የማይታመነው ፑንክታታ ነው። ትልቅ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ውስጡ ነጠብጣብ ያለበት ደወል አለው፣ ያምራል፣ ከመሬት በታችም ይሮጣል። እሱን ከወደዱት ከሸክላ አያውጡት።

የእርስዎ የሸክላው አበባ ካርፓቲካ ነው ብዬ እገምታለሁ። አጭር ነው፣ አንድ ቦታ ኩርምት ብሏል አሉኝ። ስትገዙት አበባው ጽዋ ሆኖ ወደ ላይ ያይ ከነበረ ጥርጥር የለውም። ሥሩን ከሸክላው አውጥተው ቢያዩ አንድ ቋጠሮ ነው፤ የሚሮጥ ክር የለውም። ያላበበልዎት ስለታመመ አይደለም፤ ቀኑ አጥሮበት ነው። ካርፓቲካ የሚያብበው ረጅም ቀን ሲያገኝ ነው። በአውሮፓ በጋ 16 ሰዓት ብርሃን አለ። አዲስ አበባ ዙሪያ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ስትገዙት አብቦ የነበረው ሌሊት መብራት ከሚበራበት የፕላስቲክ ቤት ስለመጣ ይሆናል። በሆለታ መንገድ በማታ ሲያልፉ የሚያዩት ብርሃን እንዲሁ አይደለም፤ ቀኑን ረጅም አድርጎ አበባውን ለማታለል ነው። እርስዎም በረንዳ ላይ አንድ አምፖል ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቢያበሩለት፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ከታገሡት ያብብልዎታል። መብራት ካልጠፋ።

ተሳቢውም አበባ የሰሰተው ለዚሁ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ግን «አላበበም፣ ስለዚህ አልተራባም» ይላል። አይደለም። የጎመን መደብዎን የወረረው በዘር ሳይሆን በሥር ነው። ቢያብብ ግን የባሰ ይመጣል፤ አንድ ተክል ከ3,000 እስከ 15,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። ዘሩ ትንንሽ ነው፣ ፍሬው ከሥሩ ቀዳዳ አውጥቶ ነፋስ ሲወዘውዘው ያፈሰዋል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማድረግዎ በፊት ያበቡትን ዘንጎች ዛሬ ይቁረጡ። የቫዞ አበባ ያድርጓቸው፣ ሲደርቁ ያቃጥሏቸው።

አሁን አትክልተኛው። ቱፎርዲ፣ ማለትም 2,4-ዲ፣ ስንዴና ጤፍ ውስጥ ያለውን ሰፋፊ ቅጠል አረም ስለሚገድል ሁሉን የሚጨርስ ይመስለዋል። ይህ ተክል ግን ለ2,4-ዲ በቀላሉ አይረታም፤ ቅጠሉ ይጠመዘዛል፣ ካሮቱ አዲስ ያወጣል። በዚያ ላይ ጭጋጉ ጎመንዎንና የጎረቤትዎን ቲማቲም ያገኛል፣ እነሱ አይችሉትም። በተለምዶ ራውንዳፕ የሚባለው ግላይፎሴት ይሻላል፣ እሱም ግን ደጋግሞ ካልተረጨ አይበቃውም፣ የነካውን አረንጓዴ ሁሉ ይገድላል። ከሚበላ ነገር አጠገብ አልመክረውም። አትክልተኛዎ የሚረጭ ከሆነም ለአጥሩ ውጭ ጠርዝ ብቻ፣ ነፋስ በሌለበት ጧት፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ይሁን።

የምመክርዎ መቆፈር ነው። መቼ የሚለው ወሳኝ ነው። የሱሉልታ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ ሆኖ ዶማ ላይ ይጣበቃል፣ በበጋ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱም ጊዜ ሥር ይበጣጠሳል። የተበጣጠሰ ሥር ሁሉ ደግሞ አዲስ ተክል ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ አፈሩ እርጥበት ይዞ ግን እየፈረፈረ ሳለ ይቆፈራል። ጎመኑን መጀመሪያ ያንሱ። የጎመኑን ሥር እየከፈቱ ይዩት፣ ነጭ ክር ሊኖርበት ይችላልና መልሰው አይትከሉት። ከዚያ ከዳር ወደ መሀል፣ ክንድ ያህል ጥልቀት እያስገቡ ይቆፍሩ። አፈሩን በእጅ መልቀም አይበቃም፤ የግንበኞች የአሸዋ ወንፊት ተውሰው ያንፉት። ሥራው ያሰለቻል፣ ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ሲያዩ ግን ይገባዎታል።

የወጣውን ሥር ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩ፣ ወደ ወንዝም ወደ ቦይም አይጣሉ። ቆርቆሮ ላይ አስጥተው እስኪሰበር ድረስ በፀሐይ ያድርቁት፣ ከዚያ ያቃጥሉት። የድንጋዩ ንጣፍ ከባድ ነው፤ ድንጋዩን አንስተው ከሥሩ መጥረግ አለብዎት፣ ካልቻሉ የሚወጣውን በየሁለት ሳምንቱ በቢላ ጉረዱት። ቅጠል ካላገኘ ካሮቱ እየከሳ ይሄዳል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። በካርቶንና በሸራ ሸፍኖ መተው ብቻውን አይሠራም፤ ከጠርዙ ብቅ ይላል።

አንድ ጊዜ ቆፍሬ ተገላገልኩ እንዳይሉ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ይከታተሉት። መደቡን በመጀመሪያው ዓመት ባዶ ያድርጉት ወይም ቶሎ የሚነሣ ነገር፣ ሰላጣ ወይም ቆስጣ፣ ይዝሩበት። ቋሚ አበባ ከተከሉበት ተሳቢው ሥሩ መሀል ይደበቅና ፍለጋው እንደገና ይጀምራል። ከጎረቤትዎ ጋርም አብራችሁ ካልቆፈራችሁ ገንዘብዎንና ጉልበትዎን ነው የሚያባክኑት፤ አጥር ለሥር ምንም አይደለም።

ሥሩ ይበላል የሚል ሰው ሊያጋጥምዎ ይችላል። እውነት ነው፣ የተሳቢው ሥርና ቅጠል በአውሮፓ ይበላ ነበር። እኔ ግን እዚህ አልመክርም። ምክንያቱ ተክሉ አይደለም፣ ሰው «ደወል አበባ ይበላል» ብሎ ስለሚያስታውስ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ አጥር ላይ ያለው ትልቅ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነጭ ወይም ቢጫ መለከት አበባ ብሩግማንሲያ ነው፣ የአስተናግር ዘመድ ነው፣ መርዛማ ነው። እሱንም «ደወል» የሚለው ሰው አለ። በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት ሁለቱን በአንድ ስም አይጥሩ።

አዲስ ደወል አበባ ሲያገኙ፣ ከየትም ይምጣ፣ መጀመሪያ አንድ ዓመት የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ያሳድጉት። ጀሪካኑን አፈር ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡት፣ ክር ሥር ከታች ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ይገባልና። ከዓመት በኋላ ይገልብጡት። ሥሩ ጀሪካኑን ዙሪያውን እንደ ነጭ ሲባጎ ከከበበው፣ እዚያው ይቅር።

ለእድር ጎረቤቶችዎ ግን ጥቅምትን አይጠብቁ፣ ዛሬ ይደውሉላቸው። ተክሉ እነሱ ጋ ገና አንድ ሁለት ችግኝ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። በእጅ እንዳይጎትቱት ይንገሯቸው። አንድ ክንድ ያህል ዙሪያውን ከፍተው ከነካሮቱ ያውጡት፣ ጉድጓዱን ሳይሞሉ አንድ ወር ክፍት ይተዉት፣ የሚበቅል ካለ እዚያው ይታያል። ምናልባት እነሱም ለሌላ ሰው ሰጥተው ይሆናል። ይጠይቋቸው።